ላልተነበበ መጽሐፍ የሚቀርብ ምስጋና

በየዓመቱ መጨረሻ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ያሉ ጋዜጦችና መጻሕፍት ሻጮች የሚፈጽሙት አንድ ልማድ አለ። ይኸውም በሚመጣው ዓመት ይታተማሉ የተባሉትን ልብ ወለድ መጻሕፍት በስም እየዘረዘሩ፥ «እነዚህን በናፍቆት ጠብቁ» ብለው ማወጃቸው ነው። በዝርዝሩም ውስጥ የፊተኛውን ወንበር የያዘው ፋንታሲ የሚባለው ድርሰት ነው፤ ዘንዶና ጠንቋይ፥ የጠፋ መንግሥትና የተሰወረ ኃይል የሚነገርበት ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህም ይኸው ድርሰት ከፍቅር ታሪክ ጋራ ተጋብቶ ሮማንታሲ የሚባል ልጅ ወልዷል። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ2024 ዓመት የዓመቱ ቃል ይሆኑ ዘንድ ካጯቸው ስድስት ቃላት አንዱ ይኸው ስም ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ልማዱ በባሕር ማዶ ብቻ ቢቀር ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን የእኛም ከተማ ልጆች፥ እንግሊዝኛ የተማሩት፥ ዝርዝሩን በስልካቸው ይቀበላሉ፤ በቴሌግራም እርስ በርሳቸው ይቀባበሉታል፤ እነርሱ ስላላዩት መጽሐፍ ሌላ ያላየው ሰው የተናገረውን ምስጋና እየጠቀሱ ይከራከሩበታል። አንዱን ወጣት «ዘንድሮ ምን አነበብህ?» ቢሉት የሚመጣውን ይቈጥራል እንጂ ያለፈውን አይናገርም። አባቶቻችን እንዲህ ላለው ሀብት «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ብለው ስም አውጥተውለታል። የእኛም ክርክር አጭር ነው። ያላነበቡትን መጽሐፍ ማመስገን ንግድ ነው። ንግድ መሆኑ ራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ነጋዴው የመርማሪን ልብስ ለብሶ፥ በመርማሪ ወንበር ተቀምጦ፥ እንደ ምስክር መናገሩ ነው።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን አስቀድሞ ከወገናችን በኩል የሚመጣውን አንድ ነገር እንመልስ። አንዳንድ አባቶች ይህን ሲሰሙ «ደግ ተናገራችሁ፤ ዘንዶና ጠንቋይ የሚወራበት መጽሐፍ ሁሉ ከልጆች እጅ ይወሰድ» ይሉን ይሆናል። በዚህ አንስማማም። ድንቅ ነገርን መስማት ለሰው ልጅ ባዕድ አይደለም፤ ለእኛም ቤት እንግዳ አይደለም። የአክሱም ሰው ከነገሥታቱ አስቀድሞ አርዌ የሚባል ዘንዶ ይገዛው እንደ ነበረ፥ ይገብርለትም እንደ ነበረ ሲተርክ ኖሯል። በግዕዝ የተጻፈው ዜና እስክንድር የመቄዶንያውን ንጉሥ እስከ ጨለማ አገር ያደርሰዋል፤ ለጎግና ለማጎግም በር ያሠራዋል። በረለዓም ወይዋሴፍ የሚባለውን የሕንድ ልዑል ታሪክ፥ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ እንባቆም በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውታል፤ የዛሬ ሊቃውንትም የታሪኩን ሥር ተከትለው ከቡድሃ ሕይወት አድርሰውታል። እጨጌው ታሪኩ ከሩቅ አገር መጣ ብለው አልጣሉትም፤ አንብበው፥ መርምረው፥ ደክመው ተረጐሙት እንጂ። ይህን ስንል ገድልን ከልብ ወለድ ጋራ በአንድ ሚዛን አስቀመጥን አይባልብን። የምንለው፥ ድንቅን የሚሰማ ጆሮ በዚህ አገር ጥንትም ነበረ ነው።

ከፈረንጆቹም ወገን የዚህ ድርሰት አባት የሚባለው ጆን ሮናልድ ቶልኪን በኦክስፎርድ የጥንት እንግሊዝኛ መምህርና ጽኑ ካቶሊክ ነበረ። በ1939 በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባደረገው ንግግር፥ ሰው በፈጣሪ አርአያ ስለ ተፈጠረ እርሱም በፈንታው ዓለምን በቃል መሥራት ይወዳል ሲል ተከራክሯል። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር እናስታውስ፤ የእኛ ሰው እምብዛም አያውቀውምና። ቶልኪን በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው አንድ ጥናት ነበረ፤ ጥናቱም የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን ስለ ጠሩበት «ሲጌልዋራ» ስለሚባለው ቃል ነው። ሊቁ ይህን አንድ ቃል ለመፍታት በርካታ ገጽ ጽፎ በመጨረሻ እርግጡን ሳያገኝ ቀረ። ለአንድ ቃል ያን ያህል የደከመ ሰው ነው እንግዲህ በኋላ ዘንዶና ቀለበት የጻፈው። ፋንታሲ ሲሠራ እንዲህ ይሠራል፤ የምንከራከርለትም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ሬቤካ ያሮስ የምትባል አሜሪካዊት «ፎርዝ ዊንግ»፥ ማለት «አራተኛው ክንፍ»፥ የተባለውን ልብ ወለድ በሜይ ወር 2023 አወጣች። ታሪኩ ዘንዶ ጋላቢዎች የሚሠለጥኑበት የጦር ትምህርት ቤት ነው፤ ጀግናይቱ አካለ ደካማ ልጅ ናት፤ የምትወደውም በመጀመሪያ ሊገድላት ይችላል ብላ የምትፈራውን ጐልማሳ ነው። የታሰበው አምስት ክፍል ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ታተመ፤ ሦስተኛው «ኦኒክስ ስቶርም» በጃንዋሪ 2025 ወጣ፤ በፊተኛው ሳምንት ብቻ ከ2.7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጠ ተነገረ። መደብሮች እኩለ ሌሊት ተከፍተው ሰው እየተሰለፈ ገዝቷል። ሌላይቱ ሣራ ማስ ናት፤ በ2015 የጀመረችው ስለ እሾህና ጽጌረዳ አደባባይ የሚናገረው ተከታታይ ታሪክ ዓለምን ዞሯል። እነዚህን ሁለቱን ስም የጠራነው ከሁሉ የከፉ ናቸው ብለን አይደለም። ብዙ ሰው በውነት ይወዳቸዋል፤ በሥራ የደከመች ሴት ማታ አንድ ሰዓት ከዘንዶ ጋራ ብትበር ማን ይከለክላታል? የሣራ ማስ መጽሐፍ ግን ስለ ዝርዝርና ስለ ልባስ ለምንናገረው ነገር ጥሩ አብነት ይሆነናል። መጀመሪያ ሲወጣ በወጣቶች መደርደሪያ ተቀመጠ፤ በውስጡ ግን ለልጅ የማይነበብ የመኝታ ቤት ነገር ነበረበት፤ ቆይቶ በ2020 አዲስ ልባስ ተደርጎለት ወደ ዐዋቂዎች መደርደሪያ ተሻገረ። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው፤ የተለወጠው ልባሱ ነው። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ልባሱን ብቻ አይቶ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጁ የገዛ አባት ማንን ይጠይቅ?

የአሠራሩን ነገር ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብንናገር ሳይሻል አይቀርም፤ ብዙ ሰው ዝርዝሩን ያያል እንጂ ከበስተኋላው ያለውን ሥራ አያይምና። መጽሐፉ ከመውጣቱ ብዙ ወር አስቀድሞ አሳታሚው ስሙን ያስነግራል። ቀጥሎ ልባሱ የሚገለጥበት ቀን ይቈረጣል፤ የመጽሐፉ ሽፋን ብቻ እንደ ሐውልት መጋረጃ ተገልጦለት ይመረቃል። ከዚያ በኋላ ለተመረጡ አንባብያን፥ ይልቁንም በቲክቶክ ብዙ ተመልካች ላላቸው፥ ቅጂው አስቀድሞ በነጻ ይላካል። ለቀረው ሕዝብ ደግሞ ጠርዙ በቀለም ያጌጠ፥ ቍጥሩ የተወሰነ ልዩ ኅትመት ይቀርብና «አሁን ካልከፈላችሁ አታገኙትም» ይባላል። በአሜሪካ ገበያ አስቀድሞ የተከፈለው ትእዛዝ፥ በስድስት ወር ውስጥ ጥቂት በጥቂት ቢሰበሰብም፥ መጽሐፉ በወጣበት በፊተኛው ሳምንት እንደ ተሸጠ ሆኖ ይቈጠራል። በዚህም ምክንያት አንባቢው ገና ገጹን ሳይገልጥ መጽሐፉ «በሽያጭ አንደኛ» የሚል ማዕርግ ያገኛል፤ ማዕርጉን ያየ ነጋዴ በመደብሩ ፊት ይከምረዋል፤ የተከመረውን ያየ መንገደኛ ይገዛዋል። ጋዜጣው ላይ የወጣው ዝርዝር የዚህ መንኰራኵር የመጀመሪያው ጥርስ ነው። መንኰራኵሩን የሚያዞረው ሰው የሚያገኘው ጥቅም ይታወቃል፤ አሳታሚም ይብላ፥ ደራሲም ትብላ። ያልታወቀው፥ በገዛ ፈቃዱ ትከሻውን ሰጥቶ በነጻ የሚገፋው አንባቢ የሚያገኘው ጥቅም ነው።

ከሁሉም የሚብሰው በዝርዝሩ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ነው። መጽሐፉ ገና ስላልተነበበ ስለ ቋንቋው፥ ስለ አሳቡ፥ ስለ ሰዎቹ ጠባይ የሚነገር ነገር አይገኝም። ስለዚህ የታሪኩ አካሄድ በየስያሜው ተቈራርጦ ይቀርባል፤ «ጠላቶች የነበሩ የሚፋቀሩበት»፥ «ዕጣ ፈንታ ያጣመራቸው»፥ «በማደሪያው አንድ አልጋ ብቻ የተገኘበት»፥ «ፍቅሩ በዝግታ የሚነድበት» እየተባለ። የመኝታ ቤቱን ነገር ብዛትም በቃሪያ ሥዕል ይለኩታል፤ አንድ ቃሪያ ለዘብ ያለው፥ አምስት ቃሪያ የሚያቃጥለው ነው። እኛ ለወጥ የምናደርገውን እነርሱ ለመጽሐፍ አድርገውታል። ገዢውም ወደ ቅመም ተራ እንደ ሄደ ሰው ስያሜውን እያየ ይመርጣል። አንድ ድርሰት ግን ስያሜው ሲነሣለት የሚቀረው ነገር ነው ድርሰት የሚያሰኘው።

ይህን በራሳችን መጽሐፍ እንፈትነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፥ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው፤ እስከ ዛሬም ይህን ዓይነት ድርሰት ሁሉ «ልብ ወለድ» ብለን የምንጠራው ከዚያው ከርእሱ ወስደን ነው። በዚያ መጽሐፍ የክርስቲያን ወገን ከአረመኔ ወገን ጋራ ይዋጋል፤ የጦር አለቃው ይማረካል፤ ልጁ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ በጠላት አገር ትንከራተታለች፤ በመጨረሻም የአረመኔው ንጉሥ አምኖ ያገባታል። የዛሬ መጻሕፍት ነጋዴ ቢያገኘው ያለ ምንም ድካም «ጠላቶች የነበሩ የሚፋቀሩበት፤ ሴት እንደ ወንድ የለበሰችበት፤ ፍቅሩ በዝግታ የሚነድበት፤ ቃሪያ የሌለበት» ብሎ ይለጥፍበት ነበር። የለጠፈውም ሁሉ እውነት ይሆን ነበር። ነገር ግን ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ያውቃል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያኖረው የሴራው አካሄድ ብቻ አይደለም፤ አማርኛው ነው። ዐረፍተ ነገሩ የሚፈስበት፥ ቃል በቃል ላይ የሚደራረብበት፥ ሐዘኑና ቀልዱ አንድ መስመር ላይ የሚገናኝበት አኳኋን ነው። ለዚህ ምልክት የለውም፤ ስለዚህም አስቀድሞ ሊታወጅ አይችልም።

የቅኔ ቤት ልማድ በዚህ ነገር ከፈረንጅ ጋዜጣ ይልቅ ያስተምራል ብንል ትዕቢት አይሁንብን። ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን ሲቈጥር ያድራል፤ ጠዋት በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል፥ ወይም ያሳልፋል። በማኅሌትም ባለቅኔው ሲቀኝ ሊቃውንቱ ጆሮአቸውን ሰጥተው ይከተላሉ፤ ሰሙንና ወርቁን ለይተው ሲያበቁ «ይበል» ይላሉ። «ነገ መወድስ የሚያደርገው እገሌ ነው፤ ከወዲሁ ይበል በሉ» ብሎ በዋዜማው የሚዞር ሰው ቢነሣ፥ ወይ ያብዳል ይሉታል፥ ወይ ጉቦ በልቷል ይሉታል። የባለቅኔው ስም የታወቀ፥ ያለፈውም ቅኔው የተመሰገነ ሊሆን ይችላል፤ የነገው ግን የነገ ነው። ስንት ታላቅ ባለቅኔ በትልቅ በዓል ቀን ቤት ሳይመታለት እንደ ቀረ የማያውቅ ደብተራ የለም።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ ዐውቀናል። «መጠበቅ ራሱ ደስታ ነው፤ የወደድነውን ታሪክ ቀጣይ ክፍል መናፈቃችን ምን በደል አለበት?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። የቶልኪን «የቀለበቶች ጌታ» ሁለተኛው ክፍል በኖቬምበር 1954 ወጥቶ፥ ጀግናው በጠላት እጅ እንደ ወደቀ ታሪኩ ተቋረጠ፤ ሦስተኛው ክፍል እስከ ኦክቶበር 1955 ዘገየ፤ ያዘገየውም ደራሲው በመጨረሻ የሚጨመሩትን የነገሥታት ዘመንና የቋንቋ ሐተታ ሲያበጃጅ ነው። አንባቢውም ወደ አንድ ዓመት ጠበቀ። ይህ ግን ያነበበ ሰው ጥበቃ ነው፤ በእጁ ሁለት ክፍል ይዟል፤ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ የጸሐፊውንም እጅ ቀምሷል። እኛ የምንነቅፈው፥ የማያውቀውን ደራሲ የማያውቀውን መጽሐፍ በስያሜውና በልባሱ ብቻ አምኖ ምስጋናውን የሚያበድረውን ነው። የመጀመሪያው ናፍቆት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከሌላ ሰው የተዋሰው ጉጉት ነው።

ናፍቆትም ቢሆን ልክ አለው፤ ልክ ሲያጣ በደራሲው ላይ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነገር ነው። ጆርጅ ማርቲን በ1996 የጀመረው ተከታታይ ታሪክ አምስተኛው ክፍል በ2011 ወጣ። ስድስተኛው፥ «የክረምት ነፋሳት» የተባለው፥ ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት አልፎ በላዩም ሌላ ዓመት ተጨምሮ አንባቢ እጅ ሳይገባ ቈየ። አንዳንዱ አንባቢም ሰውየው የት እንደ ዋለ፥ ስለ ምን ኳስ ጨዋታ እንደሚያይ፥ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ እየቈጠረ ይሰድበው ጀመር። አንድ የታወቀ እንግሊዛዊ ደራሲ በ2009 ለአንድ ተበሳጭ አንባቢ ሲመልስ፥ መጽሐፍ መግዛት ደራሲውን ባሪያ አድርጎ እንደ መግዛት አይደለም የሚል ቃል ጽፎ ነበር። እኛም በዚህ ግማሹን እንስማማለታለን። ግማሹን የማንስማማው፥ ተስፋውን በየዓመቱ ዝርዝር እያደሰ ሲሸጥ የኖረው ገበያ የቈጣውን ድርሻ ሊወስድ ስለሚገባው ነው። አንባቢው ከራሱ አልተነሣም፤ «ዘንድሮ ይወጣል» ያሉት ሰዎች ነበሩ።

ሮበርት ጆርዳንም አለ። «የጊዜ መንኰራኵር» የሚባለውን ታሪክ በ1990 ጀምሮ ዐሥራ አንድ ትልልቅ መጻሕፍት ካወጣ በኋላ በ2007 ታሞ ሞተ፤ የቀረው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው ብሎ ነበር። መጽሐፎቹን ስታርም የኖረችው ሚስቱ ሃሪየት ማክዱጋል ከሞቱ በኋላ ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል ወጣት ደራሲ መርጣ የባሏን ማስታወሻ አስረከበችው፤ አንዱ መጽሐፍ ሦስት ሆኖ በ2013 ታሪኩ በዐሥራ አራተኛው ተፈጸመ። ያ ሁሉ አንባቢ ሃያ ሦስት ዓመት ጠበቀ፤ የጠበቀውም ሲመጣ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ መጣ። ብዙዎች አመሰገኑ፤ እኛም መበለቲቱን እናመሰግናለን። ይህን ግን የትኛው ዝርዝር አስቀድሞ ሊናገር ይችል ነበር?

ይኸው ሳንደርሰን በማርች 2022 ያደረገው ነገር ለክርክራችን በሁለቱም ወገን ይጠቅማል። በወረርሽኙ ዘመን ቤት ተዘግቶ ሳለ ማንም ሳያውቅ አራት ልብ ወለድ ጽፎ ጨርሶ ነበርና፥ ለሕዝብ አስታውቆ ከገዢው ገንዘብ አስቀድሞ ሰበሰበ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ከ185 ሺህ በላይ ሰዎች ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጡት። «እነሆ፥ ያልተነበበ መጽሐፍ ተገዛ» ብሎ የሚነቅፈን አለ። ልዩነቱን ግን አስተውሉ። ሰውየው የሸጠው የጻፈውን ነው፤ ረቂቁ በጠረጴዛው ላይ ነበረ፤ ጥቂት ምዕራፍም አስቀድሞ አስነብቧል። መጀመሪያ ሥራ፥ ኋላ ዐዋጅ። የገበያው ሁሉ ሥርዐት እንዲህ ቢሆን እኛ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ቀለም አናባክንም ነበር።

ነቀፋም እንደ ምስጋናው ከመጽሐፉ ቀድሞ መውጣት ጀምሯል፤ ይህ ከአንድ እናት የተወለደ መንትያ ነው። ጉድሪድስ በሚባለው የአንባብያን መዝገብ ማንም ሰው ገና ላልወጣ መጽሐፍ ኮከብ ሊሰጥ ይችላል። በዲሴምበር 2023 በአሜሪካ የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በሚቀጥለው ዓመት ይወጣል ተብሎ የተዋጀላት አንዲት ጸሐፊ፥ በሐሰት ስም እየተመዘገበች ከእርሷ ጋራ የሚወጡትን የሌሎች ጀማሪዎች መጻሕፍት ዝቅተኛ ኮከብ ስትሰጥ፥ ለራሷም መልካሙን ስትጽፍ ተገኘች። አሳታሚዋም መጽሐፏን ሰረዘባት። ሰው ሁሉ በእርሷ ላይ ጮኸ፤ መጮኹም ደግ ነው። ነገር ግን ያላነበበችውን ነቀፈች ብሎ የጮኸው ሕዝብ፥ በዚያው መዝገብ ላይ ያላነበበውን ሲያመሰግን ይውላል። ለምስጋናው ሲሆን የተፈቀደው ለነቀፋው ሲሆን ስለምን ወንጀል ይሆናል? ሁለቱም ሐሰት ምስክር ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ያስቀይማል፥ አንዱ ያስደስታል።

አሁን ልጆቻችን «እንግዲያስ ምን እናንብብ፥ ምንስ እንጠብቅ?» ቢሉን፥ የምንመልሰው አለን። ኡርሱላ ለጊን የምትባል አሜሪካዊት በ1968 «የኧርዝሲ ጠንቋይ» የተባለ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈች። በዚያ ባሕርና ደሴት በሞላበት ዓለም ኃይል ሁሉ የሚገኘው የነገርን እውነተኛ ስም በማወቅ ነው፤ ስም ለማወቅም ደቀ መዝሙሩ በብቸኛ ግንብ ተቀምጦ ከመምህሩ ዘንድ ዝርዝር ስም በቃሉ ያጠናል። የቈሎ ተማሪ የነበረ ሰው ያን ምዕራፍ ሲያነብ ቤቱን ያገኛል። ጀግናው በትዕቢቱ ጥላውን ከሙታን አገር አውጥቶ፥ ያንኑ ጥላ ሲሸሽ፥ በኋላም ሲያሳድደው የሚኖር ነው። ሦስተኛው መጽሐፍ በ1972 ሲወጣ ታሪኩ የተፈጸመ መስሎ ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፎ በ1990 «ተሃኑ» የምትባለው አራተኛይቱ መጣች። በእርሷ ጀግናው ኃይሉን ሁሉ አጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ነው፤ ታሪኩን የምትይዘው ባሏ የሞተባት አንዲት ባላገር ሴትና በእሳት የተቃጠለች ሕፃን ልጅ ናቸው። የዘንዶ ጦርነት የጠበቀ ሰው ፍየል ስትታለብ፥ ምግብ ሲሠራ፥ ሕፃን ስትታጠብ አገኘ። ብዙ ሰው ተቈጣ። ደራሲዋ በዐሥራ ስምንቱ ዓመት ውስጥ ያሰበችውን ነበር የጻፈችው፤ አንባቢው የጠበቀውን አልነበረም። ዛሬ ከስድስቱ መጻሕፍት ያችን የሚያስቀድም ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በምን ስያሜ ያውጁት ነበር? «ፍየል የታለበችበት» ብለው?

እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ ተፈጽመዋል፤ የሚጠበቅ ቀጣይ የላቸውም፤ የኧርዝሲ የመጨረሻው በ2001 ወጥቷል፥ ደራሲዋም በ2018 ዐርፋለች። ስለዚህ በማንኛውም የዘንድሮ ዝርዝር ላይ አይገኙም። በመጻሕፍት ቤቶቻችን ጥግ አቧራ የለበሰ ቅጂ ቢገኝ በርካሽ ይሸጣል።

በከተማችን በስልክ ዝርዝር ማውጣት ለለመዱት ወጣቶችም አንድ ልመና አለን። ዝርዝሩን አትተዉ አንልም፤ ደስታ ሲሆን አይተናል። ነገር ግን በእያንዳንዱ መጽሐፍ ስም አጠገብ ከሦስቱ አንዱን ቃል ጻፉበት፤ «አንብቤዋለሁ»፥ «አላነበብሁትም»፥ ወይም «ሻጩ በነጻ ሰጥቶኛል»። ደግሞም ባለፈው ዓመት «በናፍቆት ጠብቁ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዝርዝር ፈልጋችሁ ከአዲሱ ጐን አስቀምጡት፤ ከዚያም ውስጥ ወጥቶ ያነበባችሁትን፥ ወጥቶ ሳታነቡት የቀራችሁትንና ከነጭራሹ ያልወጣውን ለዩ። ውጤቱን ወደዚህ ዐምድ ብትልኩልን በደስታ እናትመዋለን።